የተጨመሩት አምስት ዓመታት

መቶ አለቃ የኔነሽ በ1979 ክረምት፣ በአንድ ዝናባማ ጠዋት ከደሴ ተጠርታ ኮምቦልቻ ስትደርስ ሬሳው ገና ከጉድጓዱ አልወጣም ነበር። ሟቹ በጨርቅ ፋብሪካው የቦይለር ክፍል ኃላፊ የነበሩት ጋሽ ሳሊሕ ናቸው። ማለዳ ወደ ሥራ ሲገቡ በጠባቡ መተላለፊያ ላይ ካለው ጉድጓድ ውስጥ ወድቀው አንገታቸው ተሰብሯል። አምፖሉ ተቃጥሎ ስለነበር ሠራተኛው ሁሉ «ጨለማው ነው የገደላቸው» እያለ ያንሾካሽካል።

የኔነሽ መተላለፊያውን ደጋግማ ተመላለሰችበት። የጉድጓዱ መሻገሪያ ሳንቃ ከግድግዳው ርቆ ወደ ሌላኛው ዳር ተገፍቷል። በግድግዳው ላይ፣ በወገብ ከፍታ፣ እጅ ሲዳብሰው የኖረ የሚመስል ጥቁር የቅባት መስመር አለ።

ከሟቹ በፊት በዚያ ያለፉት ሁለት ሰዎች ብቻ እንደሆኑ ዘበኛው ነገራት። አንደኛው የሟቹ ሚስት ወንድም፣ የከተማው ፒያሳ ነጋዴ ጀላል ነው።

«ተጣልታችሁ ነበር?» አለችው።

«በቤት ውርስ ተኳርፈን ነበር። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ፒያሳ ፊት ለፊት ተገጣጥመን ሰላም ሳይሉኝ አለፉ። ናቁኝ። ወላሂ፣ እንዲያም ሆኖ ልታረቃቸው ነው የመጣሁት።»

ሁለተኛው ምክትላቸው ደምመላሽ ነው። ንጹሕ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል፣ ይጠርጋል።

«ጋሽ ሳሊሕ ዘንድሮ ጡረታ ሊወጡ ነበር አሉ» አለችው የኔነሽ።

«በሃምሳ አምስት ዓመታቸው ሊወጡ ነበር፣ ጓድ መቶ አለቃ። ባለፈው ወር ግን በስብሰባ ላይ የባለሙያ መጦሪያ ዕድሜ ስድሳ ሆኗል፣ ቀድሞ የሚወጣ አበሉ ይቀነሳል ተባለ።»

«ቦታቸው ለማን ነበር?»

«ለእኔ።»

«አምፖሉ በርቶ ቢሆን ይተርፉ ነበር?»

«ለሳቸው ቢበራስ ምን ይለወጣል?» አለና ወዲያው ጨርቁን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

ከሰዓት በኋላ ሁለቱንና የሟቹን ሚስት ወይዘሮ ሸፊቃን በአንድ ቢሮ ሰበሰበቻቸው። የማሽኖቹ ድምፅ መስኮቱን ያንቀጠቅጣል።

«ጋሽ ሳሊሕ አያዩም ነበር» አለች የኔነሽ። ወይዘሮ ሸፊቃ በሻላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። «ግድግዳውን እየዳበሱ ነበር የሚሄዱት። ሳንቃው ከግድግዳው ቢርቅ ዓይን ያለው ሰው አምፖሉ ባይበራም ከበሩ በሚገባው ብርሃን አይቶ፣ ዞር ብሎ ይሻገራል፤ እሳቸው ግን ይወድቃሉ። ስለዚህ ሳንቃውን ያራቀው ዓይነ ስውርነታቸውን የሚያውቅ ሰው ነው። ወይዘሮ ሸፊቃ ያውቃሉ፤ ፋብሪካው ግን ገብተው አያውቁም። ጀላል አያውቅም፤ ቢያውቅ ሰላም አላሉኝም ብሎ ባልተቀየመ። ለሳቸው መብራት እንደማይጠቅም የነገረኝ አንተ ነህ፣ ደምመላሽ።»

ደምመላሽ ተነሣ፤ ተመልሶ ተቀመጠ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ የቦይለሩን መለኪያ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ። «ጡረታቸው እንዳይጎድል ብዬ። ቦታው ላንተ ነው ብለውኝ ነበር። ከዚያ አምስት ዓመት ተጨመረ። ብናገር መሸፈኔ ታውቆ እኔም እባረራለሁ። ዝም ብል አምስት ዓመት የሁለት ሰው ሥራ ልሠራ ነው። እግራቸው ተሰብሮ ቤት የሚውሉ መስሎኝ ነበር።»

ወይዘሮ ሸፊቃ ሻላቸውን ከፊታቸው አወረዱ።

«ሊወጣ ወስኖ ነበር» አሉት። «የተቀነሰውን አበል ተቀብሎ። አንተን ከዚህ በላይ ማድከም ነውር ነው አለኝ። ዓርብ ለምሳ ጠርተንህ ልንነግርህ ነበር።»

«ዓርብ» አለ ደምመላሽ።