ቦቃን ማስራብ

ስክሪኑ ጥግ ላይ «ስድሳ ሁለት በመቶ» ይላል። ማህደር ቁጥሩን በዓይኗ አረጋግጣ ወደ ሰው ቀና እንዳለች ላፕቶፑ ድርግም አለ።

ቁልፉን ተጫነች። ምንም የለም። ደግማ ተጫነች። አንዴ ብልጭ አለና ተመልሶ ጨለመ። ዴስኩን ከብበው የቆሙት ወላጆች እርስ በርስ ተያዩ። የሳይንስ ክበብ ትርኢት ቀን ነው። ወረታ ላይ ከጠዋት ጀምሮ መብራት የለም። ሌሎቹ ቡድኖች ካርቶንና ጠርሙስ ሲያሳዩ በባትሪ የሚሠራ ነገር የነበረው የእነማህደር ቡድን ብቻ ነበር። እሱም ይኸው ጠፋ።

«ምነው ልጄ፣ ደከመው እንዴ?» አለ አባቷ አዛናው። ከገጠር ከቁሐር ሚካኤል ጭቃውን እየረገጠ የመጣው ልጁ ስለ ሩዝ ማሳ ስትናገር ሊሰማ ነው። ሰው ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም። ግን የሚሳቅበት ሰው የሳቁን ክፉና ደግ የት ይለያል!

ላፕቶፑ የመምህር የኔነህ ነው። መምህሩ ከአዲስ አበባ ተመድቦ ሲመጣ ያመጣው፣ ጠርዙ የተፋቀ አሮጌ ዕቃ ነው። ሌላ ሲገዛ ይኸኛውን ለአንድ ለአምስት ቡድናቸው አዋሳቸው፤ በየሳምንቱ በተራ ቤት ይወስዱታል። ክዳኑ ላይ ተለጣፊ የተላጠበት ነጭ ቦታ አለ። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለው በሬ ስለሚመስል ማህደር «ቦቃ» አለችው፤ ስሙም ጸና። ሕጉንም ያወጣች እሷው ናት። በእነሱ አገር በሬ የተዋሰ ሰው አጥግቦ ነው የሚመልስ። የሰው በሬ ሆዱን አጣብቆ የመለሰ፣ ለከርሞ የሚያውሰው አያገኝም። ስለዚህ ቦቃም ከቤት ቤት ሲዞር መቶ ሳይሞላ አይመለስም። ሲሠሩበት እንኳ ቻርጀሩን አይነቅሉበትም።

ወላጆቹ ከክፍሉ እንደወጡ ቤዛ ወደ ማህደር ዞረች። ቤዛ የቡድኑ መሪ ናት፤ አባቷ የቢሮ ሠራተኛ ነው። ከማህደር ጋር አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ፤ ምሳቸውንም የሚበሉት አብረው ነው።

«ምን አድርገሽው ነው?»

«ምንም አላደረግሁትም።»

«ያለፈው ሳምንት አንች ጋ አልነበር? አንች ቤት ደግሞ ሶኬት እንኳ የለም። ማን ያውቃል የት ወስደሽ ምን እንዳስነካሽው!»

ማህደር ከሁለት የገጠር ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ ነው የምትኖር። አከራይዋ ከአምፖል በቀር ሌላ ነገር አታስበራም። ይኸን ለቤዛ በምስጢር ነግራት ነበር፤ አሁን ቡድኑ ሁሉ አወቀ።

ሰው ሲከሰስ ለማየት አንገቱን የማያሰግግ የለም። ለመመስከር ሲሆን ግን ሁሉም ጫማውን ያያል። የቡድኑ ልጆች ጫማቸውን ሲያዩ፣ ከኋላ የቆመችው ራህመት ብቻ ቀና አለች።

«እኛ ሱቅ ነው የሞላው» አለች። «መቶ ሲል በዓይኔ አይቻለሁ። አባቴንም ጠይቁት።»

«አንችን ማን ጠየቀሽ?» አለች ቤዛ። «ቲቸር፣ የማህደር ተራ ይውጣ። ሌላም ሳታበላሽ።»

አንዳንዶቹ «አዎ፣ ይውጣ» አሉ። ለእነሱ ቀላል ነው። ቤዛ አባቷ ቢሮ ኮምፒውተር አለላት፤ ሌሎቹም ኢንተርኔት ቤት ይገባሉ። ማህደር ግን ፊደል መጻፍ የለመደችው ቦቃ ላይ ነው። ከቦቃ በቀር ሌላ የላትም።

መምህር የኔነህ በሩ ላይ ቆሞ ሲሰማ ነበር። ልጆቹ ሲወጡ ግን ማህደርን አስቀራት።

«ይዘሽው ሂጂ» አለ ላፕቶፑን እየሰጣት።

«እኔ?»

«አበላሽተሽው ከሆነ ታስተካክይዋለሽ። አላበላሸሽው ከሆነም ታስተካክይዋለሽ። ሌሎቹ መውቀስ እንጂ መሥራት አልፈለጉም።» ዴስኩ ላይ ተቀመጠ። «ስሚኝ። ባትሪ ውስጥ ገብቶ የሚያይ የለም፤ ቁጥሩ ግምት ነው። ላፕቶፑ ባትሪው ጢም ሲልና ሙልጭ ብሎ ሲያልቅ እያየ ነው ግምቱን የሚያርመው። ባትሪው ደግሞ አርጅቷል፤ ድሮ የሚይዘውን ያህል አይዝም። ለመሆኑ አንድ ቀን እንኳ ጨርሳችሁት ታውቃላችሁ?»

«ኧረ አናውቅም ቲቸር! ሁልጊዜ አጥግበን...» ማህደር ቃሏን ሳትጨርስ ቆመች። አባቷ «ረኀቡን ያላየህለትን በሬ ጥጋቡን አታውቅለትም» ይል ነበር።

«መቶ ሙዪው። ከዚያ ነቅለሽ በራሱ እስኪጠፋ ተይው። በመካከል እንዳይተኛ እኔ አስተካክዬዋለሁ። ሲጠፋ ትንሽ አሳርፈሽ ሳታቋርጪ እንደገና ሙዪው። ላይሠራም ይችላል» አለ። «ግን እንሞክር።»

ማህደርን ከዚህ በፊት «እንሞክር» ያላት አስተማሪ አልነበረም። «ሞክሪ» ነው የሚሉ፤ ሳይሆን ሲቀር ጥፋቱ የሞካሪው ብቻ እንዲሆን።

ቅዳሜ ጠዋት የራህመት አባት ጋሽ ሳልህ የጨርቅ ሱቃቸውን ሲከፍቱ ማህደር ደጁ ላይ ነበረች። የሱቁ ሶኬት አንድ ነው፤ ሬዲዮአቸው ተሰክቶበታል። ጋሽ ሳልህ ቦቃን አዩና ሬዲዮውን ነቀሉ።

«ኧረ ጋሽ ሳልህ፣ ዜናው ያምልጥዎ እንዴ?»

«የሰማሁት ይበቃኛል። በይ አጥብቀሽ ሰኪው፤ ሶኬቱ ላላ ይላል።»

መቶ ሲሞላ ቻርጀሩን ነቀለችው። ከራህመት ጋር ተራ በተራ እየጻፉ ቁጥሩን ይጠብቁ ጀመር። ሰባ አለ። ስድሳ አለ። ሃምሳ ስምንት አለ። ከዚያ ዓይናቸው እያየ ስድስት ላይ ዘለለ፤ ቀይ መብራትም ብልጭ ብልጭ ማለት ጀመረ።

«አየሽው ሲሸውደን!» አለች ማህደር።

«አሳዘነኝ አቦ! አንዴ ላጉርሰው?»

«እንዳትነኪው!»

ራህመት እየሳቀች ለሶላት ወደ ጓዳ ገባች። ወዲያው አንዲት ሴት ረዥም ጨርቅ ልታስለካ መጣችና ጋሽ ሳልህ ጫፉን እንድትይዝላቸው ማህደርን ጠሯት። ለክተው ሲጨርሱ ማህደር ዞር አለች። ቤዛ ባንኮኒው አጠገብ ቆማለች። ቻርጀሩ ተሰክቷል።

«እንኳን ደረስሁለት!» አለች ቤዛ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ቀይ መብራቱን ከመንገድ አይቼ ነው የሮጥሁ። ሊሞት ነበር እኮ! ሦስት በመቶ ነበር የቀረው፤ አታይውም?»

«ምን አደረግሽ!» ማህደር ጮኸች። «ከጠዋት ጀምሮ እያስራብሁት ነበር! ጨርሶ መጥፋት ነበረበት፤ መድኃኒቱ እሱ ነው። አሁን እንደገና ከመጀመሪያው ነው!»

«ማስራብ? አጥግባችሁ መልሱ ያልሽው አንች አይደለሽም እንዴ?»

ማህደር ቲቸር ያላትን እየተቆጣች ነገረቻት፤ ሁልጊዜ ስለሚጠግብ ቁጥሩ መሳቱን፣ ማንም እንዳላበላሸው። ቤዛ ቀስ ብላ በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

«እኛ ቤትም ጠፍቶ ነበር» አለች።

«መቼ?»

«በእኔ ተራ ጊዜ። ስድሳ ምናምን ሲል። ቤት መብራት ሄዶ ነበር። የሰበርሁት መስሎኝ አባቴን ፈርቼ ለማንም አልተናገርሁም። መብራት ሲመጣ ሞልቼ መለስሁት። ትርኢቱ ላይ ደግሞ እንደገና ሲጠፋ...» ቻርጀሩን በጣቷ ነካካች። «ያው፣ አጠገቡ አንች ነበርሽ።»

አጠገቡ አንች ነበርሽ። እንዲህ ያለ ቃል የተነገረው ሰው ፀጉሩ እስኪሸብት አይረሳውም። ማህደር አፏ ድረስ የመጣ ብዙ ነገር ነበራት። ሰኞ ቡድኑ ፊት ትናገረዋለች፤ ያኔ ደግሞ ቤዛ ጫማዋን ትይ።

«እናንተ ልጆች» አሉ ጋሽ ሳልህ ጨርቁን እያጠፉ፣ «በበሬ የተጣላ በበሬ ይታረቃል። ገበያዬን ግን አትበትኑብኝ።»

ቦቃ እንደገና መቶ ሞላ። እንደገናም ተነቀለ። ቤዛ አልሄደችም። «ልቀመጥ?» ብላ ጠየቀች። ማህደር አግዳሚው ላይ ትንሽ ጠጋ አለችላት። ራህመትም ከጓዳ ተመልሳ ሦስቱም ቀዩን መብራት ከብበው ተቀመጡ። ቤዛ እጆቿን ጭኖቿ ሥር ከተተቻቸው፤ ራህመት «እጇ እንዳያመልጣት ነው» ብላ ሙድ ያዘችባት። ቦቃም በራሱ ጠፋ።

አሳርፈው ሰኩት። መብራት ሁለት ጊዜ ብልጭ ድርግም አለ፤ ግን አልሄደም። መንገዱ ላይ ሌሎቹ ሱቆች መዝጋት ጀመሩ። ጋሽ ሳልህ በሩን ገርበብ አድርገው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

«አምሽተው ቀሩ እኮ ጋሽ ሳልህ» አለች ማህደር ተሳቅቃ።

«ለሰው ስንት ቀን አምሽቻለሁ። ዛሬ ለበሬ ባመሽ ምን አለ?»

ማህደር ወደ ራህመት ዞረች። «ያን ቀን ግን ለምን ተናገርሽልኝ?»

ራህመት ጥያቄው ግራ ገባት። «ታዲያ አይቼ?» አለች።

በደሉን የሚቆጥር ሰው ሞልቷል። ማህደርም ዓርብ ወደ ቤቷ ስትገባ ስትቆጥር ነበር። አሁን ግን የተነቀለውን ሬዲዮ፣ የቲቸርን «እንሞክር»፣ ይኸን «ታዲያ አይቼ» የሚል ቃል ስትደምር ያኛው ሒሳብ ጠፋባት።

እሑድ አባቷ ስንቅ ሲያመጣላት ነገረችው። ከስንቁ ላይ አንድ ከረጢት ሩዝ ለይቶ ራሱ ተሸክሞ ሱቁ ሄደ። «ለሶኬት ሩዝ!» ብለው ሳቁ ጋሽ ሳልህ። ግን ተቀበሉ፤ እምቢ ቢሉ አዛናው እንደሚከፋው ያውቃሉ። ቦቃም ያን ቀን ባንኮኒው ላይ ተፈተነ። ቁጥሩ መሰላል እንደሚወርድ ሽማግሌ አንድ አንድ እያለ ወረደ፤ አልዘለለም። ዕድሜው አልተመለሰለትም፤ እንደበፊቱ ቶሎ ነው የሚደክም። የሌለውን አለኝ ማለቱን ግን ተወ።

ሰኞ መምህር የኔነህ ቡድኑን ሰበሰበ። «እሺ ማህደር፣ ምን ሆኖ ነበር?»

ሁሉም አዩዋት። ቤዛ ጫማዋን አየች። ማህደር የቤዛን አንገት አየች፤ ቅዳሜ እጆቿን ጭኖቿ ሥር ከትታ ስትጠብቅም እንዲሁ ነበር ያቀረቀረችው።

«አጥግበን አጥግበን ነው» አለች። «ሁላችንም። ሲራብ አይተነው አናውቅም፤ እሱም መቼ እንደሚያልቅ ጠፋበት።»

«በቃ ያበላሸው ያንች የፋራ ሕግ ነዋ!» አለ አንዱ። ክፍሉ ሳቀ። ማህደርም አብራ ሳቀች።

«ተራው ይቀጥላል» አለ መምህሩ። «የማንም አይወጣም። የዚህ ሳምንት የማነው?»

የቤዛ ነበር። ማህደር ቦቃን አንሥታ ወሰደችላት።

«አላጠገብሁትም» አለች። «አርባ ነው።»

ቤዛ ክዳኑን ከፍታ ልታይ እጇን ሰደደች፤ ከዚያ ተወችው።

«አርባ ካልሽ አርባ ነው» አለች። ነጩን ግንባር በመዳፏ ሸፍና፣ ቦቃን ደረቷ ላይ ታቅፋ ወጣች።