አንደኛ የወጣው ዘፈን

ያ ዓመት የዘፈን ዓመት ነበር። በየሳምንቱ አዲስ ካሴት ይወጣል። ታክሲው፣ ልብስ ሰፊው፣ ፀጉር ቤቱ የሚያሰማው ሌላ ሌላ ነው። ሰው «የቱ ይበልጣል?» እየተባባለ ይጣላ ነበር ብል አላጋነንኩም። የቢሯችን ጸሐፊና የጥበቃ ሠራተኛው በሁለት ዘፋኞች ሰበብ ሁለት ሳምንት ሰላምታ ተነፋፍገዋል።

እኔ በሬዲዮ ጣቢያው የእሁድ ከሰዓት የሙዚቃ ፕሮግራም አቅራቢ ነበርኩ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ አንድ የድምፅ ቴክኒሻን ተቀጠረ። የተገናኘነው ደረጃ ላይ ነበር። መብራት ጠፍቶ መስኮት የሌለውን ደረጃ በዳበሳ ስወጣ፣ የያዝኩት ካርቶን ተቀደደና ካሴቶቹ እየተንከባለሉ ወረዱ። ከታች አንድ ሰው ክብሪት ጫረ።

«ስንት ነበሩ?» አለኝ፣ እየለቀመ።

«አልቆጠርኳቸውም።»

«እንግዲያ አንዱን ብደብቅ አታውቂብኝም።»

ክብሪቱ ጠፋ። በጨለማው ውስጥ ሁለታችንም ሳቅን። ፊቱን በደንብ ያየሁት በማግስቱ ነው፤ ድምፁን ግን አውቄው ነበር።

ባልደረቦቻችን «ዝምታው» ይሉታል። ድምፅ ሲያስተካክል የሚውል ሰው ራሱ ድምፅ የለውም እያሉ ይቀልዱበታል። ለእኔ ግን ይናገር ነበር። በምሳ ሰዓት፣ መቅረጫ ክፍሉ ባዶ ሲሆን፣ ጥግ ላይ የምትቀመጠውን ጊታር ያነሳል። አንድ ቀን «እስቲ ይሄን ስሚልኝ» ብሎ አንድ ዜማ ተጫወተልኝ። በጨለማ ደረጃ ላይ በድምፅ ብቻ ስለተዋወቁ ሁለት ሰዎች ነው። ሲጨርስ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። እሱም ክሩን ያስተካክል ጀመር፤ ክሩ ግን ምንም አልሆነም ነበር።

«ገና ነው፤ ይቀረዋል» አለ በመጨረሻ። «እስካስተካክለው ለማንም እንዳታሰሚብኝ። አደራ።»

«እኔ ምን ዘፋኝ ነኝና?» አልኩት።

ዘፋኙ ወንድሜ ነበር። ጋሼ እለዋለሁ። አባታችን ሲሞት ትምህርቱን አቋርጦ፣ በየመድረኩ እየዘፈነ እናታችንንም እኔንም ያኖረን እሱ ነው። ያን ሰሞን ግን ካሴቶቹ አልሸጥ ብለው አንገቱን ደፍቶ ነበር። አንድ ጠዋት ሳህን እያጠብኩ ሳላውቀው ያንን ዜማ አንጎራጎርኩ።

«ይሄ የማነው?» አለኝ ከኋላዬ።

የእገሌ ነው ብል ቀጥሎ የሚመጣውን አውቀዋለሁ። ሰውየው ማነው? ምንሽ ነው? ፊቴ ጋለ።

«የማንም አይደለም። ዝም ብሎ አፌ ላይ መጥቶ ነው።»

«እስቲ ድገሚው።»

ደገምኩት። ቃሉንም ጭምር።

ከሁለት ወር በኋላ የጋሼ ካሴት ወጣ። በሳምንቱ አገር ምድሩ ያንን ዘፈን ያዘ። ሽፋኑ ላይ «ግጥምና ዜማ፦ ራሱ ዘፋኙ» ይላል። ካሴቱ የወጣ ለት ወደ ጋሼ ሮጬ ሄጄ እውነቱን ነግሬው ነበር።

«አሁን? ካሴቱ ገበያ ከወጣ በኋላ?» አለ ጋሼ። በሩን ዘጋና፣ «ዝም በይ። ለማንም እንዳትተነፍሺ» አለኝ።

ቴክኒሻኑ ዘፈኑን መጀመሪያ የሰማው በእኔው ፕሮግራም ላይ፣ በገዛ እጁ ሲያጫውተው ነው። ከመስታወቱ ማዶ ማዳመጫውን ከጆሮው ቀስ ብሎ ሲያወርድ አየሁት። ፕሮግራሙ ሲያልቅ በር ላይ ጠበቅኩት።

«ስማኝ፣ እኔ…»

«በደንብ አድርገሽ ነው ያጠናሽው» ብሎኝ አለፈ።

ከዚያ በኋላ አምስት ወር ሙሉ ከእሱ የሰማሁት ፕሮግራም ሲያስጀምረኝ የሚቆጥረውን «ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ» ብቻ ነው።

ዓመቱ ሲገባደድ አድማጮች የወደዱትን ዘፈን በደብዳቤ እንዲመርጡ ጠየቅን። ደብዳቤው በጆንያ መጣ። ቆጥረን ስንጨርስ አንደኛ የወጣው ያው ዘፈን ሆነ። የፕሮግራም ኃላፊው እጁን እያሻሸ «ወንድምሽን እሁድ ስቱዲዮ አምጪልን! እህትና ወንድም፣ ከዚህ የሚበልጥ ምን አለ?» አለኝ።

ቅዳሜ ጋሼ ቤት መጣ። እናታችን ጓዳ ነበረች።

«ነገ ዘፈኑ እንዴት እንደተሠራ ትጠይቂኛለሽ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የምመልሰውን እኔ አውቃለሁ። አንቺ ወደሚቀጥለው እለፊ።»

«ጋሼ፣ የሰው ነው እኮ።»

«የማንም አይደለም ያልሽኝ አንቺ ነሽ።»

ወደ ጓዳው አየ።

«እማዬ ሰው ፊት ቀና ብላ የሄደችው ዘንድሮ ገና ነው» ብሎ ጨመረ። «እኔን አዋርደሽ ምን ታተርፊያለሽ?»

እሁድ ቀይዋ መብራት በራች። ከአሥረኛው ጀምረን ወደ ላይ ቆጠርን። የጭነት መኪና ሾፌሮች የሙጥኝ ያሉት ፈጣን ዘፈን ስምንተኛ ወጣ። ነርስነቷን ትታ የዘፈነችው ልጅ አራተኛ፣ ከብዙ ዓመት ዝምታ በኋላ የተመለሱት አዛውንት ሁለተኛ ወጡ። ጋሼ አጠገቤ ክራቫቱን ያስተካክላል። ከመስታወቱ ማዶ ያለው ሰው አንዴም ቀና አላለም።

አንደኛው ተጫውቶ አለቀ።

«ይህ ዘፈን… እንዴት ተወለደ?» አልኩ።

ጋሼ ፈገግ አለ። «አንድ ቀን ደረጃ ላይ ብቻዬን ተቀምጬ ሳለ…»

ያን ጊዜ ቴክኒሻኑ ቀና አለ። አየኝ። ቁጣ ቢሆን እችለው ነበር። ዓይኑ ውስጥ የነበረው ግን «ይሄንንም ነግረሽዋል?» የሚል ሐዘን ነው።

«አድማጮቻችን፣ ይቅርታ» አልኩ፣ የወንድሜን ንግግር አቋርጬ። «ይህን ዘፈን የሠራው ሌላ ሰው ነው። ለማንም እንዳላሰማ አደራ ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ቤቴ አንጎራጎርኩት። ወንድሜ የማነው ቢለኝ የማንም አይደለም አልኩት። ‹ሰውየው ምንሽ ነው› እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው። አደራ በላዋ እኔ ነኝ። ባለቤቱ አሁን ከመስታወቱ ማዶ ተቀምጧል፤ የእኔን ድምፅ ወደ እናንተ የሚያደርሰው እሱ ነው።»

ኃላፊው የመቆጣጠሪያ ክፍሉን በር በርግዶ ገባ። ድምፁ አይሰማኝም፤ ከንፈሩ ግን «ዝጋው! ዝጋው!» ይላል። ቴክኒሻኑ ሁለት እጆቹን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። አልዘጋውም።

በሬዲዮ አሥር ሰከንድ ዝምታ ዘላለም ነው። ጋሼ ማይኩን ወደ ራሱ ሳበ። ይጮህብኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«እህቴ ሁሉንም ራሷ ላይ አላከከች» አለ። «ካሴቱ የወጣ ለት ነግራኛለች። ዝም በይ ያልኳት እኔ ነኝ።»

ተነሳ። ሳያየኝ ወጣ።

ፕሮግራሙን እንዴት እንደጨረስኩት አላስታውስም። ኃላፊው ለአንድ ወር ከሥራ ታግደሻል ብሎኝ ኮሪደር ስወጣ፣ ቴክኒሻኑ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

«ለምን ያኔ አልነገርሽኝም?»

«መች ጆሮ ሰጠኸኝ?» እንባዬ መጣ። «ስንቴ ተከተልኩህ!»

«ልክ ነሽ» አለ። ከግድግዳው ተላቀቀ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «‹ምንሽ ነው› ቢሉሽ ምን ትይ ነበር?» አለኝ።

«ምን ልበል? አንተ ምን በይ ትለኛለህ?»

«እናትሽ ቤት ናቸው?»

«ሬዲዮኑ ሥር ናት።»

«እንግዲያ እንሂድ። እኔኑ ይጠይቁኝ።»

እናቴ በሩን በግማሽ ከፈተች። ዓይኗ ቀልቷል። እሱን ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«ዘፈኑ ያንተ ነው?»

«አዎ እማማ።»

«መልካም ዘፈን ነው። ነገር ግን ልጄ ዛሬ በአገር ፊት ተዋርዶብኛል። እሱ ሳይገባ አንተን ግባ ማለት ይከብደኛል፤ አትቀየመኝ።»

«አልቀየምም። እዚሁ እጠብቀዋለሁ» አለና ደፉ ላይ ተቀመጠ። እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ። እጄን ያዘኝ። ሁለታችንም የምንሰማው የመንገዱን ኮቴ ነበር፤ ኮቴ በመጣ ቁጥር ቀና እንላለን።

ጋሼ የመጣው ሊመሽ ሲል ነው። ክራቫቱን ፈቶ ኪሱ ከቶታል። ፊታችን ቆመ። ቴክኒሻኑ ብድግ አለ።

«ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው እዚህ የተቀመጥከው?»

«ከአሥር ሰዓት።»

«አላስገባችህም?»

«እርስዎ ሳይገቡ አይሆንም አሉኝ።»

ጋሼ ቁልፉን አውጥቶ በሩን ከፈተና ወለል አድርጎ ያዘው።

«በድዬሃለሁ» አለ። «ግባ፣ ወንድሜ።»

ከዚያ ፊቱን ሳያዞር፣ «አንቺስ? ውጭ ልታድሪ ነው?» አለኝ።

በሚቀጥለው ዓመት ተጋባን። አዲስ የታተመው የካሴቱ ሽፋን ላይ የባሌ ስም ወጣ፤ ማተሚያ ቤት ሄዶ ያሳረመው ጋሼ ራሱ ነው። ለእኔ እንደ ድሮው እስኪስቅልኝ ግን ጊዜ ወሰደበት። በየእሁዱ ምሳ ይመጣል፤ ከባሌ ጋር ስለ ዜማ ሲከራከር ይውላል፤ እኔን «ጨው አቀብይኝ» ከማለት በቀር አያናግረኝም። እኔም ጨውን ሆን ብዬ ከእሱ አርቄ ማስቀመጥ ጀመርኩ።