ዝርዝሩ ላይ የሌለው «አዎ»

«ራዊያ፣ ፈርሚና እንውጣ።»

ዘሊካ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረገችላት። ራዊያ ግን ዓይኗን ከስልኳ አልነቀለችም። ቆቦ በሚገኘው ትምህርት ቤታቸው የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ከሁለቱ በቀር ማንም የለም። ከፊታቸው፣ ደሴ ካለ አንድ መሥሪያ ቤት በእርዳታ የመጣው አሮጌ ሰርቨር ሙቀቱ ከብዶት ያጓራል።

የአይሲቲ መምህራቸው አቶ አላምረው እንዳስረዷቸው፣ አንድ ልዩ ሶፍትዌር ከተጫነበት ይህ ማሽን ራሱን እንደ ብዙ ኮምፒውተር ይከፋፍላል። ዲስካቸው የተበላሸ አሥራ ሁለት ኮምፒውተሮች በእሱ በኩል ይሠራሉ፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችም ለኦንላይን ፈተና ይለማመዱባቸዋል። በመጀመሪያ ግን የማሽኑ ክፍሎች የሶፍትዌሩ ድርጅት «ከሶፍትዌሬ ጋር ይሠራሉ» ብሎ ባወጣው ዝርዝር ላይ መኖራቸው፣ የማሽኑ አምራችም ዛሬም ድጋፍ የሚሰጥ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። መምህሩ ሥራውን የአይሲቲ ክበብ አባል ለሆኑት ለሁለቱ የአሥረኛ ክፍል ልጆች ሰጥተው፣ «አዎ» ወይም «የለም» እየተባለ የሚሞላ ሰንጠረዥ አዘጋጁላቸው።

ለራዊያ ግን አዎም የለምም አልሆነላትም። ማሽኑ ዝርዝሩ ላይ አለ፤ ያለው ግን ከሶፍትዌሩ የድሮ ሥሪት ጋር ነው። የአምራቹ ገጽ በበኩሉ ድጋፉ ከሁለት ዓመት በፊት አብቅቷል ይላል። በዝርዝሩ ላይ፣ የማሽኑን ዲስኮች ከሚያገናኘው ካርድ አጠገብ ደግሞ «ዲፕሪኬትድ» የሚል ቃል ሰፍሯል። በስልኳ ብታስተረጉመው «የተነቀፈ» አላት። ካርዱን ማን ነቀፈው? በምን ጥፋቱ? ገጹን ሦስቴ ዘግታ ከፈተችው። ያው ነው።

ወረቀቱን ያየችው ያኔ ነው። ሁሉም ረድፍ ላይ «አዎ» ተሞልቷል። የካርዱ ረድፍ ላይ «ያረጋገጠችው፦ ራዊያ» ይላል፤ የእጅ ጽሕፈቱ የዘሊካ ነው።

«እኔ መቼ አረጋገጥኩ?»

ዘሊካ አልደነገጠችም። ትናንት ሶፍትዌሩን ሲሞክሩት ማሽኑ ያለ ምንም ችግር መነሳቱን አስታወሰቻት፤ የሚሠራን ነገር ይሠራል ማለት ምኑ ነው ውሸቱ አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ስለ ወንድሟ ስለ ጀሚል ነገረቻት። ጀሚል አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው። በሙከራ ፈተናው ኮምፒውተሩን ስላልለመደው ግማሹን ጥያቄ ሳይመልስ ሰዓት አልቆበታል።

«ከሰኞ ጀምሮ ትለማመዳለህ ብዬዋለሁ። ወላሂ፣ ያንቺ ወንድም ቢሆን አንቺም ትፈርሚ ነበር።»

ራዊያ እስክሪብቶውን አነሳች፤ መልሳ አስቀመጠችው። ማሽኑ ሲሠራ በዓይኗ አይታለች። ታዲያ ድጋፍ የለውም ማለት ምን ማለት ነው? ምናልባት እንግሊዝኛዋ ይሆን ያልቻለው? ብትፈርምና ካርዱ በልምምዱ መሀል ቢሞትስ? ባትፈርምና ምንም የማይሆን ቢሆንስ? ስታስበው ይብስ ተምታታባት። ዘሊካን ጠብቂኝ ብላ ወጣች።

አቶ አላምረው ኒም ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ደብተር ያርማሉ።

«ቲቸር፣ እየሠራ ያለ ነገር ድጋፍ የለውም ማለት ምን ማለት ነው?»

እሳቸው ደብተሩን ዘጉት። «ዛሬ ይሠራል። ነገ እንቢ ቢል ግን የምንጠይቀው የለም።»

ስለ ካርዱም ጠየቀቻቸው። ስልኳን ተቀብለው ቃሉን ደጋግመው አነበቡት፤ ወደፊት ይቀራል ለማለት ይመስለኛል፣ እርግጠኛ ግን አይደለሁም አሏት። ራዊያ እሳቸው የማያውቁት ነገር ይኖራል ብላ አስባ አታውቅም ነበር። ግራ ብትጋባም ትንሽ ቀለል አላት። ወረቀቱ የት ደረሰ ሲሏት፣ አላለቀም ብላ ተመለሰች።

«ነገርሻቸው?» አለች ዘሊካ በር ላይ።

«ስለ አንቺ ምንም አላልኩም።»

ራዊያ ቁጭ ብላ በካርዱ ረድፍ ላይ ያለውን «አዎ» ሰረዘችው። በአጠገቡ «አላወቅንም፤ የሶፍትዌሩ ድርጅት ይጠየቅ» ብላ ጻፈች። በማሽኑ ረድፍ «ከድሮው ሥሪት ጋር ብቻ»፣ በአምራቹ ረድፍ «ድጋፉ አብቅቷል» ብላ አስተካከለች። ከዚያ ፈረመች።

ዘሊካ ወረቀቱን አየችው እንጂ አልነካችውም። «ለጀሚል ምን ልበለው?»

ራዊያ በክፍሉ ዙሪያ ዓይኗን አንከራተተች። በደህና የሚሠሩት ኮምፒውተሮች ስድስት ብቻ ናቸው፤ የአይሲቲ ክበቡ ልጆች በተራ ይጠቀሙባቸዋል።

«ማክሰኞና ሐሙስ የኔ ተራ ነው» አለች። «እሱ ይቀመጥበት።»

«አንቺስ?»

«አጠገቡ ቆሜ አሳየዋለሁ።»