ብናኝ ያልነካው ፓነል

አቶ ገብረሕይወት ባሕር ማዶ፣ ፓይን ሌክ ባለው ቤታቸው፣ እንደተኙ ሞተው የተገኙት ሐሙስ ንጋት ላይ ነው። የኦክስጅኑ ቱቦ ከአፍንጫቸው አልተነቀለም፤ ማሽኑ ግን ቆሟል። ማሽኑ የተሰካበት፣ ትንሽ ሻንጣ የሚያክለው ተንቀሳቃሽ ባትሪ ዜሮ ያሳያል። ሰኞ የመጣው አውሎ ነፋስ የሰፈሩን መብራት ካጠፋ ወዲህ ሽማግሌውን በሕይወት ያቆያቸው ይህ ባትሪና ጓሮ የተዘረጋው ሶላር ፓነል ነበሩ።

ፖሊስ መጥቶ ሄደ። የታመመ ሽማግሌና የጠፋ መብራት፤ ለፖሊስ ነገሩ በዚህ አለቀ። በእኛ ዘንድ ግን እንዲህ አያልቅም። እኛ ጋ ሰው በሕመም አይሞትም፤ የሚሞተው በሌላ ሰው ጥፋት ነው፤ ጥፋተኛውም ለቀስተኛው ምሳ ሳይበላ መታወቅ አለበት። ረፋዱ ላይ ታወቀም፤ አማቹ ቶሎሳ። ባትሪውን የገዛ እሱ፣ ሽቦውን የገጠመ እሱ። ሚስቱ መዓዛ በሰው ፊት፣ ቅዳሜ የአባቷን ሬሳ እንዳይሸከም፣ ከቀብሩ በኋላም ቤቷ እንዳይገባ ነገረችው። ቶሎሳ አልተከራከረም።

የሟች ሚስት ወይዘሮ ገበያነሽ ግን ደጊቱ ዘንድ ደወሉ። ደጊቱ ዳውንታውን ፓርኪንግ ትሠራለች፤ ከዚያ በፊት አዳማ ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት የወንጀል መርማሪ ነበረች።

«ይኼ ልጅ ባሌን ገድሎት እንደሆነ ንገሪኝ» አሏት። «ካልገደለውም ንገሪኝ። በሰው ላይ ግፍ ተሠርቶ ባሌን አልቀብርም።»

ደጊቱ እኩለ ቀን ላይ ደረሰች። ለቅሶ ቤቱን አልፋ በቀጥታ ወደ ጓሮ ወጣች። ወቅቱ የጥድ ብናኝ የሚረግፍበት ነው፤ መኪናው፣ ወንበሩ፣ ደረጃው ሁሉ ቢጫ ለብሷል። ፓነሉን በጣቷ ጠረገችው። ጣቷን አየችና ወደ ደረጃው ዞረች።

ቶሎሳ ደረጃው ላይ ብቻውን ተቀምጧል። ከረቡዕ ንጋት እስከ ዛሬ ጠዋት ሮዝዌል፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ድርብ ሺፍት ላይ እንደነበረ ነገራት። የባትሪውን መዝገብ በስልኩ አሳያት። ማክሰኞ እኩለ ቀን ከፓነሉ የገባው ሦስት መቶ አሥር ዋት ነበር። ረቡዕ ጠዋት ከሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ግን አርባ አንድ፤ ቀኑን ሙሉ ከዚያ ፈቀቅ አላለም።

«ረቡዕ ይህን ታውቅ ነበር?»

«ራኬብ ቴክስት አድርጋልኝ ነበር። ‹አርባ አንድ ይላል፣ ኖርማል ነው?› አለችኝ። ደመና ይሆናል አልኳት።»

«ደመና ነበር?»

«አልነበረም። ሥራ ላይ ነበርኩ፣ ቀና ብዬ ሰማዩን አላየሁም።» ስልኩን አጠፋው። «እኔ ነኝ የገደልኩት፣ እትዬ። ሌላ ሰው አትፈልጊ።»

«በራስህ ላይ ለመፍረድም ማስረጃ ያስፈልጋል» አለችው።

ራኬብ ምድር ቤቱን የተከራየች ወጣት ናት። ሳትጠየቅ ተናዘዘች። ማክሰኞ የፀጉር ካውያዋን ባትሪው ላይ ሰክታ ነበር።

«ላይክ፣ አሥር ደቂቃ ብቻ። ከጠዋት ጀምሮ እሱን ነው የማስበው። እኔ ነኝ እንዴ?»

«የአሥር ደቂቃ ካውያ ሰው አይገድልም። ጓሮ ወጥተሽ ፓነሉን አይተሽው ነበር?»

«ኖ። የኔ በር በመንገዱ በኩል ነው።»

ደጊቱ ጠዋት ተነቅሎ የቆየውን ፓነል ከባትሪው ጋር መልሳ አገናኘችው። ቁጥሩ ወጥቶ ሦስት መቶ አምስት ላይ ቆመ። ሽቦውን ወዘወዘችው፣ መሰኪያዎቹን አላልታ መልሳ አጠበቀቻቸው፤ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ገመዱ ጤነኛ ነው፣ ሳጥኑ ጤነኛ ነው፣ የቶሎሳም እጅ አልሳተም።

ከዚያ ሳሎኑን ቃኘች። ሶፋው በላስቲክ ተሸፍኗል። ማይክሮዌቩ ዳንቴል ለብሷል። የቴሌቪዥኑ ሪሞት እንኳን ከነፌስታሉ ነው። በዚህ ቤት ራቁቱን የቀረ የምግብ ጠረጴዛው ብቻ ነበር። ደጊቱ ወደ ውጭ ወጥታ የቆሻሻ በርሜሉን ከፈተች።

ለቀስተኛው ለምሳ ሲበተን አራቱን ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ወይዘሮ ገበያነሽ መሬት ላይ በተነጠፈው ፍራሽ ተቀምጠዋል፤ መዓዛ በሩ ጋ ቆማለች።

«ግቢው ሁሉ ቢጫ ነው፣ ፓነሉ ግን ንጹሕ» አለች ደጊቱ። «ብናኝ ዘመድ መርጦ አይወድቅም። ሽቦው ደህና ነው፤ ሰማዩም ደህና ነበር። ስለዚህ ረቡዕ ጠዋት በፀሐዩና በፓነሉ መካከል አንድ ነገር ገባ።»

«ይህን ከቆሻሻ በርሜሉ ነው ያገኘሁት» ብላ ከቦርሳዋ አበባ የታተመበት ላስቲክ አወጣች። አንድ ፊቱ በብናኝ ቢጫ ሆኗል።

«እንዴ፣ የጠረጴዛዬን ላስቲክ ማን ጣለው?» አሉ ወይዘሮ ገበያነሽ። «ሶላሩን ወልውዬ ያለበስኩት እኔ ነኝ። አዲስ ዕቃ፣ ይኼ ብናኝ እንዳይጫወትበት ብዬ። ብርሃን ያሳልፋል እኮ…»

ፀሐዩን የጋረደው የገዛ ላስቲካቸው መሆኑ ያኔ ገባቸው። ደጊቱ የምታለሳልስበትን መንገድ ስታስብ ነበር፤ ቀደሟት።

«ሶላር እንደማይሸፈን ያልነገርኳቸው እኔ ነኝ» አለ ቶሎሳ።

«አንተ ዝም በል። እሳቸው ዕቃ ሸፈኑ፤ በዚህ ቤት ዕቃ ሁሉ ይሸፈናል። ባትሪው ሲያልቅ ማሽኑ ጮኾ ይሆናል፤ ጆሯቸው ግን ደክሟል። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ማን ገፈፈው? እማማ የወተት ጋሎን አጥበው የሚያስቀምጡ ሴት ናቸው፤ ላስቲካቸውን አይጥሉም። ራኬብ ጓሮ አልወጣችም። ቶሎሳ ቢያገኘው ነጻ የሚያወጣውን ማስረጃ በርሜል ውስጥ አይከትም። ዛሬ ንጋት ከሥራ ገብታ አባቷን መጀመሪያ ያገኘች አንድ ሰው ብቻ ናት።»

መዓዛ የሌሊት ተረኛ ነርስ ናት። ሁሉም ዞረው አዩዋት።

«እናቴን ላድን ብዬ ነው» አለች። «በዚህ ዕድሜዋ ባልሽን ገደልሽው ልበላት?»

«እኔንስ?» አላት ቶሎሳ።

«አንተ ትችለዋለህ ብዬ።»

በየቤታችን አንድ ቻይ አለ። ደግ ነው፣ አይመልስም፣ አይከስም፤ ስለዚህ ማንም የማይፈልገው ጥፋት እሱ ጫንቃ ላይ ይወርዳል፤ የጫኑበትም ወደድነው ይላሉ።

«ቅዳሜ ባሌን በራስጌው በኩል የምትይዘው አንተ ነህ» አሉ ወይዘሮ ገበያነሽ። ድምፃቸው ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል።

«እይዛለሁ፣ እማማ።»

ፍራሹ ላይ ብቻቸውን ነበሩ፤ አጠገባቸው ለመቀመጥ የደፈረ የለም። ቶሎሳ ጫማውን አወለቀ፣ ሄዶ ጎናቸው ተቀመጠ። መዓዛ በስሙ ጠራችው። ደግማ ጠራችው። የአሮጊቷን እጅ እንደያዘ፣ ቀና ብሎ አላያትም።