የባልዲው ክብ

ይህ የሆነ ነገር ነው። ከሰው የሰማሁት ሳይሆን በራሴ የደረሰ።

ማመን የማይፈልግ ከዚህ ይመለስ። ማንንም ለምኜ አላስፈራም።

ጨለማ፣ የሚያላዝን ውሻ፣ የሚጠፋ ሻማ የምትጠብቁም ካላችሁ ተሳስታችኋል። ሰዓቱ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከሩብ ነበር። ፀሐይ አናት የምትበሳበት ሰዓት። ቦታው የሰው ቤት ጣሪያ።

እኔ ኩለር ጠጋኝ ነኝ። ኩለር ያ ጣሪያ ላይ የሚቀመጠው ትልቅ የቆርቆሮ ሣጥን ነው። ጎንና ጎኑ ጭድ አለው፤ ውሃ ጭዱን ያርሰዋል፤ ማራገቢያው በእርጥቡ ጭድ በኩል አየር እየሳበ ቀዝቃዛውን ወደ ቤት ይነፋል።

ማንም አላስተማረኝም። የተበላሸ እየፈታሁ፣ ያልተበላሸውን እያበላሸሁ፣ በኤሌክትሪክ እየተመታሁ የያዝኩት ሙያ ነው። ሰፈሩ «ብሎን» ይለኛል። ሲያወጡልኝ ለስድብ ነበር። ሙቀቱ ሲጠናባቸው ግን «ብሎንዬ» ይሉኛል።

በዚያ ሰሞን ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች እንደሚባለው ሆኜ ነበር። የራሳችን ኩለር ከነሞተሩ ነድዶ እናቴ በሙቀት ልታልቅብኝ ነው። ልቧ ደካማ ነው። ሰው ካልደገፋት ከአልጋዋ አትነሳም።

ሐኪሙ በር ላይ ጠራኝና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የሚያሰጋኝ ሙቀቱ ነው። ክፍሏን አቀዝቅዢላት። ይህን ወር ካለፈች... ተረፈች።»

ያልዞርኩበት ሱቅ የለም። ኩለር የለም። ሞተር የለም። ፓምፕ እንኳን የለም። ሙቀቱ የነጋዴውን መደርደሪያ ሁሉ አራቁቶታል።

አንድ ሽማግሌ ያስጠሩኝ በዚህ መሃል ነው። ልጃቸው ከሩቅ አዲስ ኩለር አምጥታላቸዋለች፤ የዛገውን አውርጄ አዲሱን እንድተክል ነው።

በሩን ሲከፍቱልኝ ካፖርት ለብሰዋል።

በዚያ ሙቀት... ካፖርት። እስከ አንገታቸው ተቆልፎ።

«አሞዎታል እንዴ አባባ?»

«በርዶኝ ነው» አሉ በሹክሹክታ።

መሰላሉን ወጣሁ። ሲረግጡት ሲጥ... ሲጥ የሚል አሮጌ የብረት መሰላል ነው።

ኩለሩን ሳየው ሳቄ መጣ። የውሃ መያዣው በዝገት ተበልቶ ወንፊት ሆኗል። ፓምፑ ከሰል መስሏል። የውሃው ቧንቧ ከሥሩ ተቆርጦ ተደፍኗል። እንዲህ ያለው ነገር ከቆመ ዓመታት ሳያልፉት አይቀሩም።

ጭዱን ነካሁት።

እርጥብ ነው።

ጨመቅ ሳደርገው ውሃው በክንዴ ወረደ። ቀዝቃዛ።

ወደ ታች ተጣራሁ። «አባባ! ይሄን ጭድ ማነው የሚያርሰው?»

«ባለቤቴ ናት» አሉ ቀና ብለው። «ሰባት ሰዓት አለፍ ሲል በባልዲ ታመጣለች።»

«ጎበዝ ሴት ናቸው! እኔ እንኳን በዚህ ፀሐይ ባልዲ ይዤ ይሄን መሰላል አልወጣም።»

ካፖርታቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ ቤት ገቡ።

ግማሽ ሰዓት ያህል የዛገ ብሎን ስታገል ቆየሁ። ካቻቪቴዬን ላነሳ ዞር ስል...

ኮንክሪቱ ላይ፣ ከኋላዬ፣ ክብ አየሁ።

የባልዲ ቂጥ የሚተወው ዓይነት እርጥብ ክብ። ፍጹም ክብ።

በዚያ ፀሐይ የፈሰሰ ውሃ እስከ ስልሳ ሳትቆጥሩ ይደርቃል። ማለትም ባልዲው የተቀመጠው አሁን ነው። እዚያው፣ እግሬ ሥር። መሰላሉ ደግሞ ሲጥ አላለም።

ቆሜ ሳየው ከዳር ከዳሩ ደርቆ ጠፋ።

ስልኬን አየሁ። ሰባት ሰዓት ከሩብ።

በካቻቪቴ የማይፈታ ነገር የለም ባይ ነኝ። «ላብሽ ነው» አልኩ ለራሴ። ላብ ከመቼ ወዲህ ክብ ሠርቶ እንደሚንጠባጠብ አልጠየቅኩም።

አሮጌውን አውርጄ አዲሱን ተክዬ ስጨርስ ሽማግሌው አሮጌውን በእግራቸው ገፋ አደረጉት።

«ለብረት ሰብሳቢው ስጪው። ዛሬውኑ። ሲጨፈለቅ ቆመሽ እዪ።»

እኔ ግን ሞተሩን አዙሬ አይቼዋለሁ። ጤነኛ ነው። እንደ ቅቤ ይዞራል። ዓይኔ ላይ እናቴ መጣችብኝ።

«እሺ» አልኳቸው። ዋሸሁ።

ፊቴን ያነበቡኝ መሰለኝ። እጅጌዬን ያዝ አደረጉ።

«ካልሆነልሽ እንኳን... መስኮት አትዝጊበት።»

ይህን የማያውቅ ኩለር ሠሪ የለም። የሚገባው አየር መውጫ ካልተተወለት ቤቱ መቀዝቀዙን ያቆማል።

«አባባ፣ ሥራዬን ነው እንዴ የሚያስተምሩኝ? አየሩ መውጫ እንደሚፈልግ አውቃለሁ።»

«ስለ አየሩ መች አወራሁ» አሉ።

የዚያኑ ዕለት ኩለሩን እኛ ጣሪያ ላይ አወጣሁት። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፋቅሁ፣ ወንፊቱን በሬንጅ ደፈንኩ፣ አዲስ ጭድ ሞላሁ። ፓምፕ ስለሌለኝ በማግስቱ ጠዋት ሁለት ባልዲ ውሃ በእጄ ጭዱ ላይ አፍስሼ ወደ ሥራ ሄድኩ። ሁለት ባልዲ እስከ ምሳ ነው። በምሳ ሰዓት ተመልሼ እሞላለሁ ብዬ...

ሥራ ያዘኝ። የተመለስኩት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው።

መሰላሉን በሩጫ ወጣሁ። ደርቆ ይሆናል፣ እናቴ ቃጠሎ ውስጥ ናት ብዬ።

የውሃ መያዣው እስከ አፉ ሞልቷል።

እናቴ ተኝታለች። ፊቷ ወዝ አግኝቷል። ከወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ስታንኮራፋ ሰማኋት፤ ደስ ብሎኝ አለቀስኩ።

ጎረቤታችንን ላመሰግን ሄድኩ። «እኔ?» አለች ሳቋ እያመለጣት። «የኔ ጉልበት አልጋ መውጣት ከብዶት መሰላል ይወጣል? ሌላ ቅዱስ ፈልጊ!»

ማታ እናቴን ሾርባ ሳጎርሳት...

«ያቺን ሴትዮ እግዜር ይስጥልኝ» አለች።

«የቷን ሴትዮ፣ እማዬ?»

«ውሃ የምታመጣውን። ደከመኝ አትልም። ግንባሬን ዳብሳኝ ትሄዳለች። እጇ ግን... ይቀዘቅዛል።»

«በየት ነው የምትገባው?»

በጣቷ አሳየችኝ። መጀመሪያ ቀዝቃዛው አየር የሚገባበትን ቱቦ አፍ። ቀጥላ መስኮቱን።

«በዚያ ገብታ በዚህ ትወጣለች።»

የቱቦው አፍ ድመት አያሳልፍም።

መድኃኒቱ አቃዣት አልኩ። እውነቱን ልንገራችሁ? እንዳቃዣት አላመንኩም። ግን እናቱ የተሻላት ሰው ብዙ አይጠይቅም።

በሦስተኛው ቀን መብራት ጠፋ። ጣሪያ ወጥቼ ሳይ ማራገቢያው ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ክንፎቹን ቆጠርኳቸው። ወርጄ ቱቦው አፍ ላይ እጄን ሳደርግ ነፋሱ እንደቀጠለ ነው።

የእናቴን ብርድ ልብስ አስተካክዬ ወጣሁ።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት አቧራ የያዘ ነፋስ ተነሳ። አቧራ እናቴን ያስላታል፣ ሳል ልቧን ያደክማል። ወደ ሥራ ስወጣ የክፍሏን መስኮት ዘጋሁ። ጥርቅም አድርጌ።

እኔ፣ ሥራዬን የማውቀው።

ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል ስልኬ ጮኸ። የሽማግሌው ልጅ ናት።

«ላመሰግንሽ ነው፣ እህቴ። አባዬ ካፖርቱን አወለቀ! ትናንት ላብ አላበው ብልሽ ታምኛለሽ? በሦስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ!»

«እንኳን ደስ ያለሽ። እናትሽም ውሃ ማመላለሱ ቀረላቸው።»

መስመሩ የተቆረጠ መሰለኝ።

«ሃሎ?»

«እናቴ...» አለች ቀስ ብላ። «እናቴ ከዚያ መሰላል ወድቃ ከሞተች ሦስት ዓመቷ ነው። ከነባልዲዋ። አባዬ ልቡ ያመው ስለነበር ሞቀው፣ ደከመው እያለች ስትመላለስ... ያንን ብረት አስጨፈለቅሽው አይደል?»

ስልኩን አልዘጋሁትም። ሮጥኩ።

ቤት ስደርስ የእናቴ ክፍል በር እጀታ እጄን አቃጠለኝ። በቅዝቃዜ።

እናቴ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። ማንም ሳይደግፋት። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል። ጣቷን አፏ ላይ አደረገች።

«ሽሽሽ... ደክሟት ነው። መውጫ ስታጣ አረፍ አለች።»

ከጎኗ ያለው ፍራሽ ጎድጉዷል። ሰው እንደተቀመጠበት።

ወለሉ ላይ፣ ከጎድጓዳው ፊት ለፊት... እርጥብ ክብ።

መስኮቱን እንዴት እንደከፈትኩት አላስታውስም። መጋረጃው ወደ ውጭ ተነፋ። ፍራሹ ቀስ... ቀስ ብሎ ተነሳ።

እናቴ ወደ መስኮቱ እያየች አንድ ነገር አለች። በሹክሹክታ፣ ለጎረቤት እንደሚባለው።

«ብቻሽን አትልፊ። እኔም አለሁ።»

ኩለሩን ያን ቀን አወረድኩት። ሲጨፈለቅ ቆሜ አየሁ። ሞተሩን እንኳን አላስቀረሁም።

እናቴ ወሩን አለፈች። ሐኪሙ ደረቷን አዳምጦ ራሱን ነቀነቀ። «ይህ የሃያ ዓመት ልጅ ልብ ነው» አለ። ከዚያ እጇን ጨበጠና ቶሎ ለቀቀው።

ደስ ብሎኝ ነበር። እውነት።

ባለፈው ሳምንት ምሳ ሰዓት ላይ ቤት ስገባ ቤቱ ቀዝቅዟል። ኩለር የሌለበት ቤት።

ጣሪያ ወጣሁ። ኩለሩ የነበረበት ቦታ ባዶ ነው።

ኮንክሪቱ ላይ ሁለት ክብ አለ። ጎን ለጎን። አንዱ ሰፊ። ሌላው ጠበብ ያለ... የኛ የወጥ ቤት ባልዲ ልክ።

ወርጄ ወደ እናቴ ክፍል ገባሁ። ተኝታለች። የቀሚሷ ጠርዝ እርጥብ ነው። መዳፏን ገለጥ አደረግሁት። የባልዲ ማንጠልጠያ ቀይ መስመር ሠርቶበታል።

ዓይኗን ገለጠች።

«ሞቆሻል አይደል፣ ልጄ?»

«አልሞቀኝም እማዬ። በርዶኛል።»

«አይዞሽ» አለች። «ሞቆሻል።»

አልሰማችኝም።

ይህን የምጽፍላችሁ በቀን ነው። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። መስኮቶቹን ሁሉ ወለል አድርጌ ከፍቻለሁ። ካፖርት ለብሻለሁ፣ እስከ አንገቴ ቆልፌ።

ሰባት ሰዓት ከሩብ ሊሆን ነው።

የኛ መሰላል ሲጥ... ሲጥ ይላል።

የሁለት ሰው ኮቴ ነው።