ሰባት ባዶ መስመሮች

«ጭራዋን ወደ ላይ ሳቢያት» አለ ኤልሳዕ። «እሱ ሲፈርም መጨረሻ ላይ እጁ ይወረወራል። የተናደደ ሰው ነው የሚመስለው።»

ፍሬሕይወት ባለቀ የባዮሎጂ ደብተር ጀርባ ላይ ፊርማውን ለአሥራ ሁለተኛ ጊዜ ሞከረችው። መጀመሪያ ትልቅ የእንግሊዝኛ «አር»፣ ቀጥሎ ሁለት ጊዜ የሚታጠፍ መስመር፣ በመጨረሻ ወደ ላይ የምትወረወር ጭራ። አጠገቧ ከተከፈተው ሰማያዊ መጽሐፍ ላይ ካለው እውነተኛ ፊርማ ጋር አመሳከረችው።

«አሁን መጣ» አለ ወንድሟ። አልጋው ላይ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል፤ ዓይኖቹ ክፍት ቢሆኑም የሚያዩ አይመስሉም።

ኤልሳዕ ሃያ አምስት ዓመቱ ነው። በመካኒካል ኢንጂነሪንግ ተመርቆ፣ ባሕር ዳር ስድስት ወር ሠልጥኖ፣ ከዚያ በአንድ የውጭ የንግድ መርከብ ላይ ሰባት ወር በካዴትነት፣ ማለትም በተለማማጅ መኮንንነት ሠርቶ ሶዶ ከገባ ዘጠኝ ቀኑ ነው። ሰማያዊውን መጽሐፍ «ሪከርድ ቡክ» ይለዋል። በውስጡ አንድ ካዴት ሊሠራቸው የሚገቡ ሥራዎች በሙሉ ተዘርዝረዋል፤ እያንዳንዱን ሥራ ሲጨርስ ያስተማረው ኢንጂነር «ሠርቷል፣ ችሏል» ብሎ ይፈርማል። ሰኞ ይዞት ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል። መጽሐፉ ከሞላ ለመኮንንነት ፈተና ይቀመጣል። ካልሞላ ተጨማሪ አራት ወር ባሕር ላይ፣ ያውም እንደገና ካዴት ሆኖ።

ሰባት መስመሮች ባዶ ነበሩ።

«እኔን ለምን መረጥከኝ?» አለች ፍሬሕይወት፣ መልሱን እያወቀች።

«ክፍል ውስጥ ምን ብለው ነው የሚጠሩሽ?»

ሳቋ መጣ። «ውልና ማስረጃ።» አሥረኛ ክፍል ውስጥ ከትምህርት ቀርቶ የወላጅ ፊርማ የቸገረው ተማሪ ወደ እሷ ነው የሚመጣው። የክፍል ጓደኛዋን የመስከረምን አባት ፊርማ ከራሳቸው ከአባቷ አሳምራ ትፈርማለች።

«ሰባተኛ ክፍል እያለሽ ካርድሽ ላይ በአባዬ ስም ስትፈርሚ አየሁሽ። ተናገርኩ?»

«አልተናገርክም።»

«እንግዲህ።»

ከአጥሩ ወዲያ የአቶ ቦጋለ ወፍጮ ያጓራል። ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ ከጠዋት ጀምሮ አላረፈም። ሌላ ጊዜ ፍሬሕይወት ጆሮዋን ይዛ ነበር የምታጠናው፤ ወንድሟ ከመጣ ወዲህ ግን አንድ ነገር አስተውላለች። ኤልሳዕ እንቅልፍ የሚወስደው ወፍጮው ሲሠራ ብቻ ነው። ማታ ሰፈሩ ጸጥ ሲል ይገላበጣል። ቀን ወፍጮው ሲነሳ ደግሞ እንደ ሕፃን ይተኛል፤ ዝም ሲል ተስፈንጥሮ ይነሳል። አንድ ቀን ለምን እንደሆነ ጠይቃው ነበር። «መርከብ ላይ ሞተር ዝም ካለ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው» አላት፤ ሌላ አልጨመረም።

እስክሪብቶዋን አንስታ የመጀመሪያው ባዶ መስመር ላይ አመጣችውና ቆመች።

«ቀንና ቦታ ይላል። ምን ልጻፍ? ሥራውን ንገረኝ፣ ቀኑን አብረን እናወጣዋለን።»

«ዝም ብለሽ ጻፊ ባክሽ።»

«አቦ ንገረኝ! ፎርጅድም በሥርዓት ነው የሚሠራው።»

ኤልሳዕ በረጅሙ ተነፈሰና ከመጽሐፉ ላይ አነበበው። የነዳጅ ማጣሪያውን ፈትቶ ማጽዳት። «ይሄ ሰኔ መጨረሻ ነው፣ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ። መርከቡ ላይ በወጣሁ በሳምንቴ። በዚያ ወቅት ነፋሱ ኃይለኛ ነው፤ መርከቡ ቀኑን ሙሉ ይወድቃል ይነሳል። ሞተር ክፍሉ አርባ አራት ዲግሪ ነበር። በአንድ እጄ መፍቻ፣ በአንድ እጄ ባልዲ ይዤ ነው የፈታሁት።»

«ባልዲው ለነዳጁ ነው?»

«ለእኔ ነው። አስታውካለሁ፣ እፈታለሁ፣ አስታውካለሁ፣ እፈታለሁ። ሦስት ሳምንት እንደዚያ ነበርኩ። ዘጠኝ ኪሎ ቀነስኩ። ሮሜል አጠገቤ ቁጭ ብሎ፣ ‹ካዴት፣ ብሎኖቹን በቅደም ተከተል ደርድር› ይለኛል። አንዴም ጮሆብኝ አያውቅም።»

ሮሜል የመርከቡ ሁለተኛ ኢንጂነር ነው፤ ጠና ያለ ፊሊፒናዊ። ባለ «አር»ዋ ፊርማ የእሱ ናት።

«ባሕሩስ?» አለች ፍሬሕይወት። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ለመጠየቅ ስትፈልግ ነበር። «ባሕሩ ምን ይመስላል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ሞተር ክፍል መስኮት የለውም። ከተረኛነት ስወጣ ደግሞ ወደ አልጋ ነው። የሆነ ቀን ቆሻሻ ልጥል ወደ ላይ ወጣሁና አየሁት። ውኃ ነው። በሁሉም በኩል ውኃ።» ትንሽ አሰበ። «ዳሞታን ፈለግኩ። ታውቂያለሽ፣ እዚህ ከቤት ስትወጪ ሳታስቢው ቀና ብለሽ ተራራውን ታያለሽ። እዚያ ቀና ስትዪ ምንም የለም።»

ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ እስከ ስድስተኛው ያሉትን እንዲሁ አንድ በአንድ ነገራት። ፓምፕ መቀየር፣ የሞተር ዘይት መመርመር፣ የጄኔሬተር ማጣሪያ። ሲናገር እጆቹ አየር ላይ ይፈታሉ ይገጥማሉ። ፍሬሕይወት ቀኖቹን ደብተሯ ላይ ጻፈቻቸው። ሁሉንም በእጁ ሠርቷቸዋል፤ የቀረው ፊርማ ብቻ ነው።

«ታዲያ ያኔውኑ ለምን አላስፈረምከውም?»

«መጀመሪያ ታምሜ መጽሐፉንም ረስቼው ነበር። በኋላ ስድን ሐምሌ መጨረሻ ሲንጋፖር ደረስን፤ የሮሜል ኮንትራት እዚያ አለቀ። ሻንጣውን ተሸክሜ እስከ መሰላሉ ድረስ ሸኘሁት። መጽሐፉ በብብቴ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ምን? ዘጠኝ ወር ልጆቹን ያላየ ትልቅ ሰው ነው። ጀልባዋ ታች ትጠብቀዋለች። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ‹ተጠንቀቅ› አለኝ። ሰው እየተሰናበተሽ ወረቀት አውጥተሽ ‹ፈርምልኝ› ትያለሽ?»

ፍሬሕይወትም ብትሆን አትልም ነበር። እናታቸው እንግዳ ሲሸኙ እስከ አስፋልቱ ድረስ የሚሄዱ፣ የፈለጉትን ነገር ግን እንግዳው ከሄደ በኋላ የሚያስታውሱ ሰው ናቸው።

«አዲሱ ኢንጂነርስ?»

«‹ባላየሁት አልፈርምም› አለኝ። አልተጣላሁትም።»

ሰባተኛው መስመር ላይ ደረሱ። ፍሬሕይወት እንግሊዝኛውን ቀስ ብላ አነበበችው። የነፍስ አድን ጀልባውን ሞተር ያለ ረዳት ማስነሳት።

«ይሄኛውስ መቼ ነው?»

«እሱ ቀላል ነው። የፈለግሽውን ቀን ጻፊ።»

«ቀላል ከሆነ ንገረኝ።»

«ባትሪውን ትከፍቻለሽ። ነዳጁን ትከፍቻለሽ። ከዚያ…» እጆቹ አየር ላይ ቆሙ። «ከዚያ አንዲት ነገር አለች፣ ትጎተታለች። ወይም ትገፋለች።»

«ትጎተታለች ወይስ ትገፋለች?»

«አቦ ፍሬ!»

ወፍጮው ያጓራል። ኤልሳዕ ፊቱን በሁለት እጁ አሸ።

«ሮሜል ሊያሳየኝ ጠራኝ፤ ከአልጋ መነሳት አቃተኝ። ‹ነገ› አለኝ። ነገ ሌላ ሥራ መጣ። ከሄደ በኋላ ደግሞ ‹አላውቅም› ማለት አፈርኩ። አንድ ቀን ደወል ተደወለ፤ ልምምድ ነው። ሃያ ሁለታችንም ብርቱካናማ ጃኬት ለብሰን ተሰለፍን። ‹ካዴት፣ አስነሳ› አሉኝ። ጎተትኩ፣ እምቢ። ገፋሁ፣ እምቢ። በመጨረሻ ኩኩ ከኋላዬ እጁን አሳልፎ አስነሳው።»

«ኩኩ? ምግብ አብሳዩ?»

«ምግብ አብሳዩ። ሽርጡን እንኳን አላወለቀም።»

ፍሬሕይወት ልትስቅ ቀና አለች። ወንድሟ ግን አልሳቀም።

«ልምምድ ነበር» አለ። «ልምምድ ብቻ። ሰባቱንም ሥሪያቸውና ቀስቅሺኝ። ደክሞኛል፣ ፍሬ። እንዴት እንደደከመኝ አታውቂም። አራት ወር እንደገና…»

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። ጭንቅላቱ ትራሱ ላይ ወደቀ።

በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ። ፍሬሕይወት መጽሐፉን በባዮሎጂ ደብተሯ ሸፈነችው። እናቷ ወይዘሮ ጥሩነሽ ናቸው፤ ኦቶና ካለው ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ተረኛ ሆነው አድረው፣ ገበያ ዞረው ገና መግባታቸው ነው። ከልብሳቸው የበረኪና ሽታ ይመጣል። የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ በሳህን ይዘዋል። ልጃቸውን ሲያዩ ሳህኑን ወለሉ ላይ አስቀመጡና ካልሲዎቹን በጥንቃቄ አወለቁለት።

«ካፒቴኔ» አሉ በወላይትኛ፣ በሹክሹክታ። ካፒቴን እንዳልሆነ ስንት ጊዜ ተነግሯቸዋል። «ነገ ቸርች ለምስጋና ይቆማል ብዬ ለሁሉም ተናግሬያለሁ። እንዲህ እንደተኛ ነው የሚውለው?»

«ደክሞት ነው፣ እማዬ።»

«አያለሁ እንጂ።» ጎንበስ ብለው የልጃቸውን ፊት ተመለከቱ። «እዚያ ውኃ መሀል ሲተኛ ማን ነው የሚጠብቀው?»

«ተረኛ አለ። አንድ ኢንጂነር ነቅቶ ይጠብቃል፣ ሌሎቹ ይተኛሉ።»

«እሱም ፈተናውን ሲያልፍ ተረኛ ይሆናል በያ። ሌሎቹ እሱን አምነው ይተኛሉ።» ይህ በጣም ያስደሰታቸው መሰለ። ፈገግ ብለው፣ ወገባቸውን ይዘው ወጡ። ወዲያው ከጓዳ አልጋቸው ሲንቋቋ ተሰማ።

ፍሬሕይወት ደብተሩን አነሳችው። አሥራ ሁለቱ ፊርማዎች ተደርድረው ያዩዋታል። የመጨረሻው በጣም ጥሩ ነበር፤ ሮሜል ራሱ ቢያየው አይለይም። እስክሪብቶዋን ይዛ የመጀመሪያው መስመር ላይ አሳረፈችው። ስድስቱ እውነት ናቸው፣ አለች በልቧ። ስድስቱን ፈርሜ ሰባተኛውን ብተውስ? ግን ፊርማዋ አንዴ ከወጣ የትኛው መስመር እውነት፣ የትኛው ውሸት እንደሆነ የሚያውቅ ማንም አይኖርም፤ ከእሷና ከእሱ በቀር። ያም ሆኖ አንድም ከጎደለ አራት ወሩ አይቀርለትም።

ወንድሟን አየችው። አፉ ገርበብ ብሏል። ከጆሮው ሥር የማይለቅ ጥቁር የዘይት ምልክት አለ። አውራ ጣቱ እንቅልፍ ውስጥ ሆኖ እንኳን ይንቀሳቀሳል፤ የሆነ ነገር ይጎትታል፣ ወይም ይገፋል።

የእስክሪብቶውን ክዳን ገጠመች።

ስልኩ ትራሱ አጠገብ ነበር። መክፈቻውን ታውቃለች። ዋትስአፕ ውስጥ ገብታ ወደ ታች ወረደች፤ ሮሜል። የመጨረሻው መልእክት ከነሐሴ ነው፤ የሁለት ሕፃናት ፎቶ፣ ከሥሩ የኤልሳዕ «እግዚአብሔር ያሳድጋቸው»። በትምህርት ቤት እንግሊዝኛዋ መጻፍ ጀመረች። ሦስት ጊዜ አጥፍታ ጻፈችው።

«ጤና ይስጥልኝ ሚስተር ሮሜል። ካዴት ኤልሳዕ ነኝ። ሲንጋፖር ሻንጣዎን ይዤ ስሸኝዎ መጽሐፌ በብብቴ ነበር፤ እንዲፈርሙልኝ ለመጠየቅ አፈርኩ። ከዚህ በታች ያሉትን ስድስት ሥራዎች ከእርስዎ ጋር ሠርቻለሁ። እውነት መሆኑን ካስታወሱ ለማሰልጠኛው ይጻፉልኝ።»

ከዚያ ስድስቱን ከነቀናቸው ዘረዘረች። «ላክ» የሚለውን አልነካችውም።

በዚህ መካከል ወፍጮው አቃሰተ፣ ቀስ እያለ ሄደና ዝም አለ።

ኤልሳዕ ተስፈንጥሮ ተነሳ። «ምንድን ነው? ምን ቆመ?»

«መብራት ሄዶ ነው። ቤት ነህ። ሶዶ ነህ።»

ዙሪያውን አየ። ግድግዳውን፣ የጎደሬውን ሳህን፣ ባዶ እግሮቹን፣ መጨረሻ ላይ የተከፈተውን መጽሐፍ። ሰባቱ መስመሮች እንደነበሩ ናቸው።

«አልፈረምሽም።»

«አልፈረምኩም።» ስልኩን ዘረጋችለት።

አነበበው። እንደገና አነበበው። ጣቱ ዝርዝሩን እየቆጠረ ወረደ።

«ስድስት ነው።»

«ስድስት ነው።»

«አራት ወር ነው እኮ፣ ፍሬ። አራት ወር ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም» አለች። «ለአባዬ ስለ ካርዱ ልትነግረው ከፈለግክ ንገረው።»

ኤልሳዕ ስልኩን ደረቱ ላይ አስቀምጦ ጣሪያውን እያየ ተጋደመ። ቤቱ ውስጥ የእናታቸው ቀስ ያለ ማንኮራፋት ብቻ ይሰማ ነበር። ውጪ አቶ ቦጋለ ከገበያተኞቹ ጋር ስለ መብራቱ ይነታረካሉ። ፍሬሕይወት ፊርማዎቹ ያሉበትን ገጽ ከደብተሩ ገንጥላ አጣጠፈችው፤ እንደገና አጣጠፈችው።

ወንድሟ አንዴ ስልኩን አንስቶ ነካካና መልሶ ደረቱ ላይ አኖረው። ከብዙ ጊዜ በኋላ ወፍጮው ተንተባትቦ ተነሳ። የመጀመሪያው ቁና ሳይፈጭ ወንድሟ እንቅልፍ ወስዶታል።

ስልኩ ከደረቱ ሊንሸራተት ሲል ያዘችው። ከፈተችው። መልእክቱ ተልኳል። ከሥሩ አንዲት ግራጫ የራይት ምልክት ብቻ አለች፤ ሰውየው ዘንድ ገና አልደረሰም። ምናልባት ሮሜል እንደገና ባሕር ላይ ይሆናል፣ ኔትወርክ በሌለበት፣ በሁሉም በኩል ውኃ በሆነበት።

ዝርዝሩ ላይ እሷ ያልጻፈችው አንድ መስመር ተጨምሯል። «ሰባተኛውን፣ የጀልባውን ሞተር፣ አላውቀውም» ይላል።

ስልኩን ትራሱ ሥር አኖረችውና ሳህኑን በክዳን ሸፈነችው፤ ሲነሳ ይርበዋል።