ሃያ አንድ አኃዝ

በመጋቢት ወር አጋማሽ፣ በ፲፱፻፷፱ ዓመተ ምሕረት፣ አዲስ አበባ ቤት ለቤት በምትፈተሽበት ሳምንት፣ ከካዛንቺስ ቁልቁል እስከ አብዮት አደባባይ ያለው መንገድ ሁሉ በኬላ ታጥሮ ነበር፤ ሰዉ ከደጁ ሳይወጣ የጎረቤቱ በር ሲንኳኳ እያዳመጠ ተራውን ይጠብቃል። የሒሳብ መምህሩ ኢያቄም ገብረክርስቶስ መሣሪያም ድርጅትም አልነበረውም፤ ቢሆንም ከማለዳ ጀምሮ ፈርቶ ነበር።

ባለቤቱ ወይዘሮ ጀማነሽ ከእሱ ይልቅ ፈርታ ኖሮ፣ ሳትነግረው አንድ ጥፋት ሠራች። ሁልጊዜ ጠረጴዛው ላይ የሚውለውን፣ ከዳር እስከ ዳር ቁጥር ብቻ የተጻፈበትን ደብተር፣ ነገር ያመጣብናል ብላ ሽሮ ጣሳ ውስጥ ቀበረችው። ጠረጴዛው ላይ ቢያገኙት የአስተማሪ ሥራ ነው ብለው ያልፉት ነበር፤ ከሽሮ ውስጥ ሲወጣ ግን የፈታሾቹ ፊት ተለወጠ፤ መምህሩን ከነደብተሩ ወደ ቀበሌ ወሰዱት።

የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ከባለሀብት የተወረሰ ቪላ ነው። ሊቀ መንበሩ ጓድ ደጉ ሽጉጡን ደብተሩ ላይ አስቀምጧል፤ በጎኑ ጸሐፊዋ ልደት፣ የኢያቄም የቀድሞ ተማሪ፣ ቃለ ጉባኤ ትይዛለች። ከጓሮ የሰው ጩኸት ተሰማ።

«ይኼ የማን ምስጢር ነው?»

«ምስጢር አይደለም፣ ጓድ ሊቀ መንበር። አንድ ቁጥር ነው፤ ስልሳ ሰባት ሁለቶች ተባዝተው አንድ ሲቀነስ የሚገኝ። ሃያ አንድ አኃዝ አለው።»

«ምን ታደርግበታለህ?»

«ያለ ቀሪ የሚያካፍለው ሌላ ቁጥር መኖሩን እመረምራለሁ። ከአራት ተነሥቼ በራሱ አባዛለሁ፣ ሁለት እቀንሳለሁ፣ ለዚህ ቁጥር አካፍዬ ቀሪውን እይዛለሁ፤ ከቀሪው እንደገና እጀምራለሁ። ስልሳ አምስት ጊዜ፤ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። መጨረሻው ዜሮ ቢሆን፣ ከአንድና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም ማለት ነበር። ዜሮ አልሆነም።»

«ስለዚህ አካፋዮች አሉት።»

«አሉት።»

«ጥራቸው።»

«አላውቃቸውም።»

ደጉ ቀና ብሎ አየው። «መኖራቸውን ታውቃለህ፤ እነማን እንደ ሆኑ ግን አታውቅም?»

ይህ ንጹሕ እውነት ነበር፤ ስሌቱ አካፋይ መኖሩን ይናገራል እንጂ የትኛው እንደ ሆነ አይናገርም። ኢያቄም ግን መልሱን በደጉ ጆሮ ሰማው፤ በዚያ ሰሞን ስንቱ ሰው ይህንኑ «አላውቃቸውም» ተናግሮ ጠፍቷል።

«ምሳ በልቼ እመለሳለሁ። ያኔ ካልጠራሃቸው ወደ በላይ አካል አስተላልፍሃለሁ» ብሎ ደጉ ወጣ። ወደ በላይ አካል ተላልፎ የተመለሰ ሰው አልታየም።

ልደት ራስዋን ሳታነሣ፣ «ጋሼ፣ የሉም ይበሉ። ተሳስቻለሁ ይበሉ» አለችው።

«አሉ እኮ፣ ልጄ።»

«እኔ የምጽፈው እርስዎ የሚሉትን ነው።»

ደጉ ሲመለስ ኢያቄም ተነሥቶ ቆመ። «ስሌቱን ተሳስቻለሁ። ቁጥሩ አካፋይ የለውም።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ተሳሳትህ?»

«ሁለት ዓመት ሙሉ።»

ደጉ ሳቀ፤ ጠባቂዎቹም ሳቁ፤ መምህሩም በፍርሃት አብሯቸው ሳቀ፤ በዚያ ሳቁ ዕድሜ ልኩን አፈረ። ደብተሩን ቀዳደው «ሂድ፣ ሚስትህ ሽሮዋን ትሥራበት» አሉት።

አካፋዮቹ ከዚያ ቀን ሰባ ዓመት ቀደም ብሎ በባሕር ማዶ ተገኝተው ታትመው ነበር፤ ትንሹ 193,707,721 ነው። ያ ጽሑፍ ካዛንቺስ አልደረሰም። ቪላውም በቅርቡ ከሰፈሩ ጋር ፈረሰ። ከዚያ ቀን የተረፈው በልደት እጅ የተጻፈ፣ ማኅተም ያረፈበት አንድ ገጽ ነው፤ «መምህር ኢያቄም ቁጥሩ አካፋይ የሌለው መሆኑን አምነው ተለቀቁ» ይላል። ከሥሩ የዘጠኝ ሰዎች ስም ሰፍሯል፤ በእያንዳንዱ ስም አንጻር «ግብረ አበሮቹን አላውቃቸውም ብሏል» የሚል ተጽፏል፤ ስለ መለቀቃቸው ግን የተጻፈ ነገር የለም።